የኤክስኤምኤል ሰነድን ወደ ኦብጀክት መለወጥና የኢስናድ ጥበቃ

  

ዛሬ አንድ ኢማም የጁምዓ ኹጥባ ሲያዘጋጅ፣ አንድ ኡስታዝም ለደረሶቹ ሐዲስ ሲያቀርብ፣ የሐዲሱን ደረጃ ለማረጋገጥ በቅድሚያ ስልኩን ቢያነሣ የሚያስገርም አይደለም። ስልኩም «ሶሒሕ»፣ «ሐሰን»፣ «ዶዒፍ» ብሎ ይመልስለታል። ፕሮግራሙ የሚያሳየው ቀደምት ሊቃውንት የሰጡትን ብይን ብቻ ከሆነ ነገሩ ኪታብ ገልጦ ከማየት ብዙ አይርቅም። ከዚያ አልፎ ሰንሰለቱን ራሱ የሚያነብ፣ ዘጋቢን ከዘጋቢ የሚለይ፣ «ይህ ሰው ከዚያ ሰው ሊሰማ አይችልም» ብሎ የሚፈርድ ፕሮግራም ሲሆን ግን ጥያቄው ይለወጣል። እንዲህ ያለውን ፕሮግራም የሚጽፈው ወጣት ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተር ያውቃል እንጂ ሙስጦለሕ አልቀራም፤ ሙስጦለሕ የሚያስቀራው ኡስታዝ ደግሞ በፕሮግራሙ ውስጥ የሚሆነውን አያይም። ሁለቱ ሳይገናኙ በመቅረታቸው ጉዳቱ የሚደርሰው በአብዛኛው በአንድ ቦታ ነው፤ እርሱም በጽሑፍ የተቀመጠው መረጃ ተነቦ በፕሮግራሙ ውስጥ ወደ ኦብጀክትነት የሚለወጥበት ደረጃ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ደረጃ ነው። የፕሮግራም አጻጻፍ ለማስተማር አላሰብንም፤ ኡስታዙና ኢማሙ ፕሮግራመሩን ምን ብለው መጠየቅ እንዳለባቸው ለማሳየት እንጂ።

ሰነዱና ቅጹ

የመድረሳ ኪታቦቻችንን ያየ ሰው መትኑ በመካከል፣ ሸርሑ በዙሪያው፣ ሓሺያው በጠርዝ፣ የምዕራፉ ርእስም በቀይ ቀለም እንደሚጻፍ ያውቃል። አንባቢው ቀለሙንና ቦታውን አይቶ አንዱን ከሌላው ይለያል። ኮምፒውተር ይህ ዓይን ስለሌለው እያንዳንዱ ክፍል በስሙ ሊጠራለት ይገባል። ኤክስኤምኤል ለዚህ የተዘጋጀ የአጻጻፍ ሥርዓት ነው፤ ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርሺየም እ.ኤ.አ. በ1998 ደንቡን አጽድቆ አወጣው። በሥርዓቱ መሠረት ጽሑፉ በመክፈቻና በመዝጊያ ምልክት ይታጠራል። ይህ ምልክት ታግ ይባላል፤ በታጉ ውስጥ ተጨማሪ መግለጫ ሲጻፍ ደግሞ አትሪቢዩት ይባላል። ታጎቹ ምን ተብለው እንደሚጠሩ ደንቡ አይወስንም፤ የሚወስነው ሰነዱን የሚያዘጋጀው ሰው ነው።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እንጥቀስ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ የመጀመሪያው የኤክስኤምኤል ደንብ የታጎችን ስም በፊደላችን መጻፍ አይፈቅድም ነበር፤ የዐረብኛ ፊደል ግን ከመነሻው ተፈቅዶ ነበር። ለእኛ ፊደል በሩ የተከፈተው በ2004 በወጣው 1.1 በተባለው ደንብ፣ በኋላም በ2008 በወጣው የ1.0 አምስተኛ እትም ነው። ከዚህ በታች የምናቀርባቸውን ምሳሌዎች በአማርኛ ታጎች ለመጻፍ የቻልነው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ፕሮግራሙ ስንመጣ፣ እንደ ጃቫ ያሉ ቋንቋዎች ሥራቸውን የሚያከናውኑት በክላስና በኦብጀክት ነው። ክላስ ማለት ባዶ ቅጽ እንደ ማለት ነው። «ዘጋቢ» የሚል ክላስ ቢኖር የስም፣ የአባት ስም፣ የሞት ዓመት ክፍት ቦታዎች ይኖሩታል፤ እነዚህን ቦታዎች ፕሮግራመሮች ፊልድ ይሏቸዋል። ቅጹ በማሊክ ኢብኑ አነስ መረጃ ሲሞላ አንድ ኦብጀክት ሆነ፤ በናፊዕ መረጃ ሲሞላ ሌላ ኦብጀክት ሆነ። ኦብጀክትን ከወረቀት ቅጽ የሚለየው ዋናው ነገር ለጥያቄ መልስ ለመስጠት መቻሉ ነው። «ከእገሌ ጋር በአንድ ዘመን ኖረሃልን?» ተብሎ ቢጠየቅ ያለውን መረጃ አስልቶ የሚመልስበት ሥርዓት በውስጡ ሊጻፍለት ይችላል። ይህ ሥርዓት ሜተድ ይባላል።

ሰነዱን አንብቦ ቅጹን የሚሞላ መሣሪያ አለ። በጃቫ ዘንድ ለብዙ ዓመታት ያገለገለው ጃክስቢ የሚባለው ነው፤ በ2006 የወጣው ጃቫ 6 ከውስጡ አካትቶት ነበር፣ በ2018 የወጣው ጃቫ 11 ግን አስወጥቶት ዛሬ ለብቻው የሚገኝ መሣሪያ ሆኗል። በሲ ሻርፕ ቋንቋም ተመሳሳይ መሣሪያ አለ። ፕሮግራመሩ በክላሱ ላይ «ይህ ፊልድ ከዚህ ታግ ይሞላ፣ ያኛው ከዚያ አትሪቢዩት ይሞላ» ብሎ ምልክት ያደርጋል፤ የቀረውን መሣሪያው ይፈጽመዋል። ሥራው ፈጣንና ምቹ ነው፤ ስለ ምቾቱ ብዙ መናገር አያስፈልግም።

ትኩረት የሚሻው ሌላ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች በልማዳቸው፣ በሰነዱ ውስጥ ላለ ነገር በክላሱ ውስጥ ቦታ ካላገኙለት፣ ትተውት ያልፋሉ። አይቆሙም፤ ለተጠቃሚውም አይናገሩም። ይህ ለንግድ ደረሰኝ ጉዳት ላያመጣ ይችላል። ለቁርኣንና ለሐዲስ ግን ምን እንደሚያመጣ ከዚህ በታች እናያለን።

መቶ ዐሥራ ሁለት ጊዜ የምትጠፋው በስመላህ

ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተንዚል የተባለው ፕሮጀክት የተረጋገጠ የቁርኣን ጽሑፍ ለኮምፒውተር አዘጋጅቶ ያቀርባል። ጽሑፉን እንዳለ መቅዳትና ማሰራጨት ይፈቅዳል፤ መለወጥን አይፈቅድም። ከሚያቀርባቸው ቅርጾች አንዱ ኤክስኤምኤል ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ሱራ አንድ ታግ አለው፣ በውስጡ የየአያው ታጎች ይገኛሉ፣ በአያው ታግም የአያው ቁጥርና የአያው ጽሑፍ በአትሪቢዩት ተቀምጠዋል። ፋቲሓን የከፈተ ወጣት ይህንን አይቶ ሁለት ፊልድ ያለው «አያ» የተባለ ክላስ ይጽፋል፤ ቁጥርና ጽሑፍ። ፕሮግራሙ ይሠራል፤ 6236 አያዎች ተቆጥረው ይገኛሉ፤ ደስ ይለዋል።

ነገር ግን ከፋቲሓ በኋላ ባሉት ሱራዎች መጀመሪያ አያ ላይ ሦስተኛ አትሪቢዩት አለ፤ በስመላህ የተጻፈችው በእርሱ ውስጥ ነው። በፋቲሓ ይህ አትሪቢዩት የለም፤ በኩፋ አቆጣጠር በስመላህ ራሷ የመጀመሪያዋ አያ ናትና። በተውባም የለም፤ ሱራው የሚጀምረው ያለ በስመላህ ነውና። በቀሩት 112 ሱራዎች ግን አለ፤ ክላሱም ቦታ ስላላዘጋጀለት በ112ቱም ይጠፋል። የአያዎች ቁጥር ስላልጎደለ ቆጥሮ ማረጋገጥ ጉድለቱን አያሳይም። በነምል ሱራ 30ኛ አያ ያለችው በስመላህ የአያው ጽሑፍ አካል ስለሆነች አትነካም፤ ስለዚህ «በስመላህ አለች ወይ?» ብሎ የሚፈልግ ሰው እንኳ ሊያገኛትና ሊረጋጋ ይችላል።

ሰነዱን ያዘጋጁት ሰዎች በስመላህን ለብቻዋ ያስቀመጡት በስሕተት አይደለም። ከሱራዎች መጀመሪያ ያለችው በስመላህ አያ ናት ወይስ ለመለያ የተጻፈች ናት የሚለው የፉቀሃእና የቁራእ ኺላፍ በአቀማመጡ ውስጥ ይታያል፤ በሙስሐፍ ውስጥ መጻፏ ተጠብቋል፣ በአያ ቁጥር ውስጥ ግን አልገባችም። ፕሮግራመሩ ይህንን ኺላፍ ስላላወቀ፣ አንድ ጥንቃቄ የተሞላበት አቀማመጥ ለእርሱ ትርፍ ነገር መስሎ ታየው። ለአንድ የመድረሳ ተማሪ ይህንን ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ ይበቃ ነበር።

ሌላም አለ። በፕሮግራም ዝርዝሮች ዘንድ የመጀመሪያው ነገር ቁጥሩ 0 ነው፤ በሙስሐፍ ግን 1 ነው። የዐረብኛው አያ በአትሪቢዩቱ ቁጥር፣ የአማርኛው ትርጉም ደግሞ በዝርዝሩ ተራ ቢጠራ፣ በበቀራ ሱራ ለ255ኛው አያ፣ ማለትም ለአየቱል ኩርሲ፣ የ256ኛው ትርጉም ከሥሩ ይቀመጣል። ሱራው 286 አያዎች ስላሉት ፕሮግራሙ ምንም ስሕተት አላየም። በሙሐመድ ሳዲቅና በሙሐመድ ሣኒ ሐቢብ ስም የታወቀው የአማርኛ ትርጉምም በዚሁ በተንዚል ዘንድ ስለሚገኝ፣ ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የአቆጣጠር ልዩነትም ይታሰብ፤ በወርሽ ቂራአት የሚታተሙት ሙስሐፎች የመዲናን ቁጥር ይዘው 6214 አያዎች ይቆጥራሉ። ቃሉ አንድ ሆኖ የአያው ድንበር ይለያያል። በቁጥር ብቻ ሁለት ሰነዶችን ማጣመር የሚሻ ሰው አስቀድሞ የሁለቱን አቆጣጠር መጠየቅ አለበት።

ለይሥ ኢብኑ ሰዕድ ያስደረገው ምልክት

ወደ ሐዲስ ስንመጣ ጉዳዩ ይከብዳል። የግብጹ ኢማም ለይሥ ኢብኑ ሰዕድ (ሞ. 175 ዓ.ሂ.) መካ ገብቶ ከአቡ ዙበይር አል-መኪ (ሞ. 126 ዓ.ሂ.) ዘንድ ሁለት የሐዲስ ጽሑፎች እንደ ተቀበለ የሪጃል ሊቃውንት ይዘግባሉ። አቡ ዙበይር ከጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) ብዙ ይዘግባል፤ ግን በተድሊስ ይታወቅ ነበር፤ ማለትም ከሰውየው በቀጥታ ያልሰማውን «ከእገሌ» በሚል አጠራጣሪ ቃል ያስተላልፋል። ለይሥ መንገድ ከጀመረ በኋላ ነገሩ አሳስቦት ተመለሰና ይህን ሁሉ ከጃቢር ሰምቶት እንደ ሆነ ጠየቀው። አቡ ዙበይርም ከፊሉን ራሱ እንደ ሰማ፣ ከፊሉን ግን በሌላ ሰው በኩል እንደ ደረሰው ነገረው። ለይሥ በቀጥታ የሰማውን እንዲያመለክትለት ጠየቀው፤ እርሱም አመለከተለት። ሊቃውንት አቡ ዙበይር ከጃቢር በ«ዐን» የዘገበውን በጥንቃቄ ሲመለከቱ፣ በለይሥ በኩል የመጣውን ግን የሚቀበሉት በዚያ ምልክት ምክንያት ነው።

ይህ ምልክት ዛሬ ታግ ብለን ከምንጠራው ነገር በዓላማው አይለይም፦ ከጽሑፉ ላይ ተጨምሮ የጽሑፉን ሁኔታ ይናገራል። እንግዲህ ሁለት ሰንሰለቶችን በኤክስኤምኤል እንጻፍ። በሁለቱም ኢብኑ ጁረይጅ (ሞ. 150 ዓ.ሂ.) ከአቡ ዙበይር፣ አቡ ዙበይርም ከጃቢር ይዘግባሉ።

<ሰነድ><ራዊ>ኢብኑ ጁረይጅ</ራዊ> ዐን <ራዊ>አቡ ዙበይር</ራዊ> ዐን <ራዊ>ጃቢር</ራዊ></ሰነድ>

<ሰነድ><ራዊ>ኢብኑ ጁረይጅ</ራዊ> አኽበረኒ <ራዊ>አቡ ዙበይር</ራዊ> አነሁ ሰሚዐ <ራዊ>ጃቢር</ራዊ></ሰነድ>

ኢብኑ ጁረይጅ ራሱ ሙደሊስ ነው። በመጀመሪያው ሰንሰለት ሁለት «ዐን» አለ፣ ሁለቱም ከሙደሊስ የመጡ ናቸው። በሁለተኛው ኢብኑ ጁረይጅ «ነገረኝ» ብሏል፣ አቡ ዙበይርም ከጃቢር መስማቱ ተገልጿል። በሙሐዲሦች ሚዛን በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። አሁን ፕሮግራመሩ «ሰነድ» የሚል ክላስ ይጽፋል፤ በውስጡም የራዊዎች ዝርዝር የሚል አንድ ፊልድ ያደርጋል። መሣሪያው ሁለቱን ሰነዶች ያነባል፤ በታግ የታጠሩትን ስሞች ይወስዳል፤ በስሞቹ መካከል ያለውን ልቅ ጽሑፍ ቦታ ስላጣለት ይተወዋል። የተገኙት ሁለት ኦብጀክቶች አንድ ዓይነት ናቸው፦ ኢብኑ ጁረይጅ፣ አቡ ዙበይር፣ ጃቢር። ለይሥ መንገዱን አቋርጦ የተመለሰለት ነገር ጠፋ። የጠፋውም ስሞቹ በሙሉ በትክክል ተነበው፣ ተራቸውም ሳይዛባ ነው።

መፍትሔው ምንድን ነው? መሣሪያው ልቅ ጽሑፍንና ታግን በተራቸው ቀላቅሎ እንዲይዝ ማዘዝ ይቻላል፤ ይህ ጽሑፉን ያድናል። ነገር ግን ፕሮግራሙ አሁንም «ዐን» እና «አኽበረኒ» ምን እንደ ሆኑ አያውቅም፤ ፊደላት ብቻ ናቸው። የተሻለው የሰነዱን አወቃቀር ራሱን ማስተካከል ነው። እዚህ ላይ ልምድ ያለው ፕሮግራመር እንኳ የሚስትበት ነጥብ አለ፤ የማስተላለፊያውን ቃል፣ ሲጋ የሚባለውን፣ በ«ዘጋቢ» ክላስ ውስጥ ሊያስቀምጠው ይሞክራል። ሲጋ ግን የሰውየው ባሕርይ አይደለም። አቡ ዙበይር በአንዱ ሐዲስ «ሰሚዕቱ» ይላል፣ በሌላው «ዐን» ይላል። ሲጋ በሁለት ሰዎች መካከል፣ በአንድ ሐዲስ ላይ የሆነ ነገር ነው። ስለዚህ የራሱ ክላስ ያስፈልገዋል፤ ሐልቃ ወይም ማያያዣ ቀለበት ብንለው፣ ሦስት ፊልድ ይኖሩታል፦ አስተላላፊው፣ ተቀባዩና ሲጋው። ሰንሰለቱ የቀለበቶች ዝርዝር እንጂ የስሞች ዝርዝር መሆን የለበትም። ሰንሰለት የሚለው ስያሜ ራሱ ይህንን ይናገራል።

ሲጋዎቹንም አስቀድሞ በተወሰነ ዝርዝር ማሰር ይቻላል፤ ሰሚዕቱ፣ ሐደሠና፣ አኽበረና፣ አንበአና፣ ቃለ፣ ዐን እያሉ። ይህ መልካም ነው፤ ግን መሣሪያው በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ቃል ሲያጋጥመው ፊልዱን ባዶ አድርጎት ያልፋል። የእጅ ጽሑፍ ያነበበ ኡስታዝ ጸሐፍት «ሐደሠና»ን «ሠና»፣ «አኽበረና»ን «አና» ብለው እንደሚያሳጥሩ ያውቃል፤ ፕሮግራመሩ አያውቅም። አንዳንዱ ደግሞ ሥራውን ለማቅለል «ሐደሠና»ንና «አኽበረና»ን አንድ ያደርጋቸዋል። ለኢማም ቡኻሪ አያያዝ ይህ ላይከብድ ይችላል፤ ኢማም ሙስሊም (ሞ. 261 ዓ.ሂ.) ግን ሸይኹ ሲናገር የተሰማውን በሸይኹ ላይ ከተነበበው ለመለየት እጅግ የተጠነቀቁ ናቸው። እርሳቸው የለዩትን የማዋሐድ ሥልጣን ለፕሮግራመር አልተሰጠም። በሶሒሕ ሙስሊም የሚበዛው የ«ሐ» ምልክት፣ ከአንድ ሰነድ ወደ ሌላው መዞርን የሚያሳየው፣ ከዚህም የባሰ ችግር ያመጣል፤ ሰንሰለቱ ቅርንጫፍ ስላወጣ በአንድ ተራ ዝርዝር ሊቀመጥ አይችልም። ለርሱ የዛፍ አወቃቀር ያስፈልጋል።

በዜሮ ዓመት የሞቱ ሰዎች

የሞት ዓመት ኢንቂጧዕን ለማወቅ ከሚረዱ መሠረታዊ መረጃዎች አንዱ ነው። ፕሮግራመሩ የሞት ዓመትን ሙሉ ቁጥር ብሎ ያውጀዋል። በጃቫ ተራው የሙሉ ቁጥር ፊልድ ካልተሞላ ዋጋው 0 ነው። የሞቱ ዓመት ያልታወቀ ዘጋቢ በሰነዱ ውስጥ የዓመት ታግ አይኖረውም፤ ኦብጀክት ሲሆን ግን በዜሮ ዓመተ ሂጅራ የሞተ ሰው ይሆናል። ታጉ ኖሮ በውስጡ «ከ150 በፊት» የሚል ቢጻፍም፣ ጃክስቢ በልማዱ ቁጥር ያልሆነውን ትቶ ፊልዱን በ0 ይተወዋል። ከዚያ በኋላ «ተማሪው ከመምህሩ ሞት በፊት ተወልዷልን?» የሚለው ሜተድ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ «አልተወለደም» ነው፤ ሰንሰለቱም «ሙንቀጢዕ» ተብሎ ይፈረድበታል። ሙሐዲሦች አለማወቃቸውን እንኳ በስም ለይተው መዝግበዋል፤ «መጅሁል» ያሉትና «ዶዒፍ» ያሉት አንድ አይደለም። ፕሮግራሙም «አይታወቅም» የሚለውን ከቁጥር ለይቶ የሚይዝ ፊልድ ሊኖረው ይገባል፤ ይህ በጃቫም ሆነ በሌሎች ቋንቋዎች ቀላል ነው፣ የሚጠይቅ ሰው ካለ።

ከዚህ የሚረቅ ሌላ ስሕተት አለ። ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ (ሞ. 852 ዓ.ሂ.) ተቅሪብ አት-ተህዚብ በተባለው ኪታባቸው ዘጋቢዎችን በዐሥራ ሁለት ጠበቃ ከፍለዋል። በመቅድሙም የሞት ዓመት ሲጽፉ መቶዎቹን እንደሚተዉ አስታውቀዋል፤ ከአንደኛውና ከሁለተኛው ጠበቃ የሆነው ከ100 በፊት፣ ከሦስተኛው እስከ ስምንተኛው ከ100 በኋላ፣ ከዘጠነኛው እስከ መጨረሻው ከ200 በኋላ የሞተ ነው፤ ከዚህ የሚወጣ ሲኖር ይገልጹታል። ስለዚህ ሱፍያን አስ-ሠውሪ ከሰባተኛው ጠበቃ ሆነው በ«ስልሳ አንድ» ሞቱ ሲሉ 161 ማለታቸው ነው። መቅድሙን ያላነበበ መዝጋቢ 61 ብሎ ይጽፋል። 61 ትክክለኛ ሙሉ ቁጥር ነው፤ የሰነዱን ቅርጽ የሚፈትሸው ስኪማም ያሳልፈዋል፤ መሣሪያውም ፊልዱን ይሞላል። ሠውሪ ከመወለዳቸው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀድመው ሞቱ ማለት ነው፤ ልደታቸው በ97 ዓ.ሂ. ነውና።

ኦብጀክት ከሰነድ የሚበልጥበት ምክንያትም እዚሁ ላይ ይታያል። በሰነዱ ውስጥ ጠበቃውም፣ ኪታቡ የጻፈው ቁጥርም እንዳሉ ይቀመጡ፤ 7 እና 61። የኢብኑ ሐጀር ደንብ ደግሞ በክላሱ ውስጥ ሜተድ ሆኖ ይጻፍ። የሞቱ ዓመት ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ጠበቃውን አይቶ 161 ብሎ ይመልሳል። ኪታቡ አልተነካም፣ ደንቡም በአንድ ቦታ ተጽፎ ለሁሉም ይሠራል። ይህንን ደንብ ለፕሮግራመሩ ሊነግረው የሚችለው ግን ተቅሪብን ከመቅድሙ ጀምሮ የቀራ ሰው ነው።

አንዱን ሁለት፣ ሁለቱን አንድ ማድረግ

በሶሒሕ አል-ቡኻሪ የመጀመሪያው ሐዲስ ሰነድ ላይ ሱፍያን ያለ አባት ስም ይመጣል። ከእርሱ የሚዘግበው አል-ሑመይዲ (ሞ. 219 ዓ.ሂ.) ስለ ሆነ ኢብኑ ዑየይና (ሞ. 198 ዓ.ሂ.) መሆኑን ተማሪው ያውቃል። በሌላ ሰነድ «ሱፍያን» ሠውሪ ይሆናል። በሐማድ ኢብኑ ዘይድና በሐማድ ኢብኑ ሰለማም ነገሩ እንዲሁ ነው። ስምን ከስም በማመሳሰል ሰውን የሚለይ ፕሮግራም ሁለቱን ሱፍያኖች አንድ ሰው ያደርጋል። በተቃራኒው፣ መሣሪያው በልማዱ ከተተወ፣ ኢብኑ ዑየይና በአንድ ሺህ ሰነዶች ላይ ቢመጣ አንድ ሺህ ኦብጀክቶች ይፈጥራል፤ በአንዱ ላይ የተደረገ እርማት ለ999ኙ አይደርስም። ኸጢብ አል-በግዳዲ (ሞ. 463 ዓ.ሂ.) ስለ ሁለቱም ስሕተቶች ሙዲሕ አውሃም አል-ጀምዕ ወት-ተፍሪቅ የተባለ ኪታብ ጽፈዋል፤ የርእሱ ትርጉም የማዋሐድና የመለየት ስሕተቶችን ገላጭ ማለት ነው። ፕሮግራመሮች ዛሬ የሚታገሉት ከዚሁ ጋር ነው።

ኤክስኤምኤል ለዚህ ሥርዓት አለው። ለእያንዳንዱ ዘጋቢ አንድ መለያ ቁጥር በአንድ መዝገብ ይሰጠዋል፤ በየሰነዱ ስሙ ሲመጣ መለያው በአትሪቢዩት ይጠቀሳል፤ መሣሪያውም በሺው ቦታ ወደ አንዱ ኦብጀክት ያመለክታል። ቴክኒኩ ይህ ነው፣ ከባድም አይደለም። የሚከብደው መለያውን መስጠት ነው። «ይህ ሱፍያን ኢብኑ ዑየይና ነው» ማለት የሸይኾችንና የተማሪዎችን ዝርዝር አይቶ የሚደረግ ኢጅቲሃድ ነው፤ የሚዚ (ሞ. 742 ዓ.ሂ.) ተህዚብ አል-ከማል ለዚህ ዋና መጠቀሻ ነው። ኢጅቲሃድ ከሆነም ባለቤት ሊኖረው ይገባል። በእኛ አስተያየት መለያ በተሰጠበት ቦታ ሁሉ ማን እንደ ሰጠውና በምን መረጃ እንደ ሰጠው የሚይዝ ፊልድ መኖር አለበት፤ የተጠራጠረበትንም «አልተለየም» ብሎ መተው መፈቀድ አለበት። ብዙ ፕሮግራመሮች ይህንን አይወዱትም፤ ባዶ ቦታ ሥራው ያላለቀ ያስመስልባቸዋል። በእኛ ዘንድ ግን በግምት የተሞላ ቦታ ከባዶው የከፋ ነው።

ሙቃበላ

ቀደምቶቻችን ኪታብ ከገለበጡ በኋላ ግልባጩን ከአስሉ ጋር ሳያስተያዩ አይዘግቡበትም ነበር። ኢብኑ ሶላሕ (ሞ. 643 ዓ.ሂ.) በመቅድማቸው ለሙቃበላ ሰፊ ቦታ ሰጥተዋል። ለእኛም ጉዳይ አሠራሩ እንዳለ ያገለግላል። መሣሪያው ሰነድን ወደ ኦብጀክት እንደሚለውጥ ሁሉ ኦብጀክትን መልሶ ወደ ሰነድ ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ አስሉን አንብቡት፣ ኦብጀክት አድርጉት፣ መልሳችሁ ጻፉት፣ ሁለቱን ሰነዶች ፊደል በፊደል አስተያዩ። የጠፋው በስመላህ፣ የጠፋው «ዐን»፣ ከባዶ የመጣው ዜሮ፣ ሁሉም በዚህ ይታያል። የአትሪቢዩቶች ተራ መለዋወጥና በታጉ ውስጥ በአትሪቢዩቶች መካከል ያለ ትርፍ ባዶ ቦታ ትርጉም ስለሌለው፣ ኮንሶርሺየሙ በ2001 ባወጣው የማስተካከያ ደንብ ሁለቱን ሰነዶች ወደ አንድ ዓይነት አጻጻፍ አምጥቶ ማስተያየት ይገባል። በሙስሐፍ ጽሑፍ ላይ ግን ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ዩኒኮድ ፊደላትን በሚያስተካክልበት ሥርዓት ሸዳና ፈትሓ በአንድ ፊደል ላይ ሲገናኙ ተራቸው ሊለዋወጥ ይችላል። ለዓይን አይታይም፤ ለኮምፒውተር ግን የተረጋገጠው ጽሑፍ ተለውጧል። ስለዚህ ለማስተያየት ብሎ የሙስሐፉን ፊደላት ማስተካከል አይገባም።

ከዚህ ጋር፣ መሣሪያው ቦታ ያጣለትን ነገር ሲያገኝ ዝም ብሎ እንዳያልፍ ማዘዝ ይቻላል፤ በጃክስቢ ዘንድ ስሕተት ተቀባይ የሚባል ክፍል ተጽፎ በጥቂቱም በብዙውም እንዲያቆም ይደረጋል። ኡስታዙ ኮዱን ማንበብ አይጠበቅበትም። ሰነዱ ላይ ትርጉም የሌለው አዲስ ታግ ጨምሮ ፕሮግራሙን ማስነሣት ይበቃዋል፤ ፕሮግራሙ ምንም እንዳልሆነ ከሠራ፣ ሌላም ነገር ሳይናገር እንደሚጥል አወቀ ማለት ነው።

የሐዲስ ጸሐፍት በሁለት ሐዲሶች መካከል ክብ ያደርጉ ነበር። ኸጢብ አል-በግዳዲ ክቡ ባዶ ሆኖ እንዲተውና ሐዲሱ ከአስሉ ጋር ከተስተያየ በኋላ በውስጡ ነጥብ እንዲደረግ መክረዋል። በምናዘጋጀው የሐዲስ ክላስ ውስጥም እንዲህ ያለ ፊልድ እንዲኖር እንመክራለን፤ መነሻ ዋጋው «አልተስተያየም» ይሁን፣ የሚለውጠውም ሁለቱን ጽሑፎች ያስተያየው ሰው ብቻ ይሁን፣ ስሙና ቀኑም አብሮ ይመዝገብ። ኢማሙ ስልኩን ሲከፍት ከሐዲሱ ደረጃ አጠገብ ክቡን ያያል፤ ነጥብ ከሌለው ወደ ኪታቡ ይመለሳል።